የኢትዮጵያ ንግሥት እሌኒና የባሕር ማዶ ፈላጊዎች

በዓለ መስቀል በደረሰ ጊዜ የቆስጠንጢኖስ እናት የንግሥት እሌኒ ዜና በየደብሩ ሳይነገር አይቀርም። በተለይም በእኛ በጋሞ አገር፣ ከአርባ ምንጭ ቆላ አንሥቶ እስከ ጨንቻና እስከ ዶርዜ ደጋ ድረስ፣ መስቀል ከበዓላት ሁሉ የሚልቅ በዓል ስለ ሆነና በሩቅ የሚኖረው ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት የሚሰበሰብበት ቀን ስለ ሆነ፣ የእሌኒ ስም ለሕፃናቱ እንኳ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በዚሁ ስም የተጠራች፣ ከዚሁ ከደቡብ ምድር የተወለደች፣ የዕፀ መስቀሉንም ክፋይ ባሕር አሻግራ የላከች ሌላ እሌኒ እንደ ነበረችን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ዜና ሕይወቷን ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ነገሩ የሁለት ዓለም ነገር ነውና በአንድ መቍጠሪያ መከተሉ ይቀላል።

እሌኒ የሀድያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ሀድያ በዚያ ዘመን ከጋሞ ደጋ በስተ ሰሜን ያለ ሰፊ አገር ሲሆን፣ ገዦቹ እስላሞች ሆነው ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይገብሩ ነበር። በእህል፣ በከብትና በንግድ የበለጸገ አገር ስለ ነበረም የሀድያ ወዳጅነት ለቤተ መንግሥቱ ትልቅ ነገር ነበር። ልጅቱም በዚህ ወዳጅነት ምክንያት ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ቤት ገባች፤ ክርስትናንም ተቀብላ ከንግሥቶቹ አንዲቱ ሆነች። ጋብቻው ግን ሰላምን ሁሉ አላመጣም። ከአባቷ በኋላ ሀድያን የገዛው የገራድ መሐመድ ልጅ ማሂኮ ግብር አልሰጥም ብሎ ከአዳል ጋር ስለ ተባበረ፣ ንጉሡ አጎቱን ባሞን በስፍራው ሾመ፤ ማሂኮም ሸሽቶ ሳለ በንጉሡ ጭፍሮች እጅ ወድቆ ተገደለ። እንግዲህ እሌኒ በአንድ ወገን የንጉሡ ሚስት፣ በሌላው ወገን ንጉሡ ያስገደለው ሰው እኅት ሆና መኖር ነበረባት። በሁለት ቤት መካከል መቆም ምን እንደሚመስል ከልጅነቷ ተማረች። ኋላ በምታደርገው ሁሉ ይህን ትምህርት እናይባታለን።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍትን የደረሰ፣ ሥርዓትን ያጸና፣ ቅጣቱም የከበደ ንጉሥ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። በእርሱ ዘመን ኢትዮጵያ ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ትጻጻፍ ነበር። በ1441 በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት መነኮሳት የተላኩ ኢትዮጵያውያን በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኙ፤ በ1450ም የንጉሡ መልእክተኞች እስከ ናፖሊ ደርሰው የአራጎንን ንጉሥ አልፎንሶን አነጋገሩ። ከዚህም በፊት በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ደርሰው ነበር። ወጣቲቱ ንግሥት በዚህ ቤተ መንግሥት ተቀምጣ፣ ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚመጣው በግብጽ ሡልጣን ፈቃድ መሆኑን፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደውም ተሳላሚ የሚያልፈው በሌላ ሰው በር መሆኑን አስተዋለች።

አሁን ነገራችንን ለጥቂት ጊዜ ወደ አውሮፓ እናዙር፤ እሌኒ ኋላ የጻፈችላቸው ሰዎች ስለ እኛ ምን ያስቡ እንደ ነበር ሳናውቅ ሥራዋን ልንመዝነው አንችልምና። በ1165 ገደማ በምዕራብ አገሮች አንድ ደብዳቤ ተሰራጨ። የደብዳቤው ባለቤት ዮሐንስ የሚባል ካህንም ንጉሥም የሆነ የምሥራቅ ገዥ ነው፤ ሀብቱ የማይቈጠር፣ ሠራዊቱም የማይለካ ነው ተባለ። ደብዳቤው ሐሰተኛ ነበር። ነገር ግን ኢየሩሳሌምን የተመኙ፣ በ1291ም የመጨረሻውን ምሽጋቸውን ዓካን ያጡ ሰዎች፣ ከጠላታቸው ጀርባ የክርስቲያን ንጉሥ አለ የሚለውን ወሬ ሊተዉት አልወደዱም። በመጀመሪያ በእስያ ፈለጉት። ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግን በኢየሩሳሌም ካገኟቸው ከእኛ መነኮሳት የተነሣ ያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ማለት ጀመሩ። የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሣለው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ የአገራችን ወንዞችና አውራጃዎች ስም የተጻፈው፣ ከዚሁ አገር በሄዱ ካህናት ምስክርነት ነው። ስለዚህ አውሮፓውያን አገራችንን አገኙ ከመባሉ አስቀድሞ፣ የእኛ መነኮሳት በእግራቸው ሄደው አውሮፓን አግኝተው ነበር ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

የፖርቱጋል ሰዎች በ1415 ሴውታን ከያዙ በኋላ በልዑል ሄንሪ አነሣሽነት የአፍሪካን ዳርቻ እየተከተሉ መርከብ ወደ ደቡብ ሰደዱ። ምክንያታቸው አንድ አልነበረም። ወርቅ ነበረ፤ በበርሃ ነጋዴዎች እጅ የሚመጣውን ከምንጩ ለመውሰድ። ቅመማ ቅመም ነበረ፤ ቱርኮች በ1453 ቍስጥንጥንያን ከያዙ ወዲያ የምሥራቁ ንግድ በሌሎች እጅ መጽናቱ አስጨንቋቸዋልና። ከዚህም ጋር ካህኑን ንጉሥ አግኝቶ በአንድነት መዋጋት የሚለው ተስፋ ነበረ። ይህን ስንናገር ሌላውንም ልንሸሽግ አይገባም፤ ክርስቲያን ንጉሥ እንፈልጋለን እያሉ የወጡት እነዚያው መርከቦች በ1444 በላጎስ ወደብ ከ200 የሚበልጡ አፍሪካውያንን አውርደው ባሪያ አድርገው ሸጡ። በ1455 የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 5ኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ በሰጠው ደብዳቤ ይህን ሥራ አጸናላቸው። በአንድ መርከብ ላይ ጸሎትና ሰንሰለት አብረው ተጫኑ። አፍሪካዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይቻለውም።

በ1487 ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ ሁለት መንገድ አዘጋጀ። በባሕር ባርቶሎሜዎ ዲያዝን ላከው፤ እርሱም በ1488 የአፍሪካን የደቡብ ጫፍ ዞረ። በየብስም ዐረብኛ የሚያውቁ ሁለት ሰዎችን ላከ፤ አንዱ አፎንሶ ደ ፓይቫ፣ ሁለተኛው ፔሮ ደ ኮቪልያ ነበሩ። ፓይቫ በካይሮ ሞተ። ኮቪልያ ግን ነጋዴ መስሎ ወደ ሕንድ ተሻገረ፣ ካሊከትንና ጎዋን አየ፣ በምሥራቅ አፍሪካም ዳርቻ እስከ ሶፋላ ወረደ፤ ወደ ካይሮ ተመልሶም ያየውን ጽፎ ንጉሡ በላካቸው ሁለት አይሁድ እጅ ሰደደ። ከዚያም የባልንጀራውን ድርሻ ለመፈጸም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1493 ገደማ በዐፄ እስክንድር ፊት ቆመ። ንጉሡ በደስታ ተቀበለው፤ ዳሩ ግን ሊያሰናብተው ሲል ሞተ። ወንድሙ ዐፄ ናዖድ ኮቪልያን ከአገር እንዳይወጣ ከለከለው፤ ርስት ሰጡት፣ ሚስት አገባ፣ ልጆችም ወለደ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚሁ አገር ቀረ። ካህኑን ንጉሥ ፍለጋ የወጣው ሰው ኢትዮጵያዊ ባለርስት ሆኖ ማርጀቱ የሚያስገርም ነው።

ወደ እሌኒ እንመለስ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባረፈ ጊዜ ልጁ በእደ ማርያም ነገሠ። የዚህ ንጉሥ እናት ጽዮን ሞገሳ በአባቱ ትእዛዝ ተገርፋ ከዚያው የተነሣ ሞታለች፤ ስለዚህ እሌኒን በእናቱ ፈንታ አድርጎ በክብር አስቀመጣት። የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ እሌኒን በሚያመሰግንበት ስፍራ በሃይማኖቷ ጽናት፣ በጸሎቷና ሥጋ ወደሙን በመቀበሏ አመስግኖ፣ ከዚሁ ጋር የንጉሥ ማዕድ በማዘጋጀት ጥበቧን፣ የሕግ መጻሕፍትን ማወቋንና የምክሯን ብልህነት ይጨምራል። ከእስላም ቤት የመጣችውን ልጅ የቤተ መንግሥት ሊቃውንት እንዲህ አድርገው መመስከራቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ዐፄ እስክንድር በሕፃንነቱ በነገሠ ጊዜ ሥልጣን በሌሎች እጅ ስለ ነበረ የእሌኒ ስም ብዙ አይሰማም። በዐፄ ናዖድ ዘመን ግን እንደገና ከፍ አለች። በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራትና በእነብሴ ምድር በእመቤታችን ስም መርጡለ ማርያም የምትባለውን ቤተ ክርስቲያን አሳነጸች። በዚህ ስፍራ የሁለቱ ዓለም ታሪክ በድንቅ ተገናኘ፤ ለቤተ ክርስቲያኗ የሚሆን መንበር እንዲያሠራ ያዘዘችው ያንኑ ፖርቱጋላዊ ኮቪልያን ነበር። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተለበጠ፣ ጽላቱም ጥሩ ወርቅ ነበር ብሎ ኮቪልያ ራሱ ኋላ ለአገሩ ሰው ተናግሯል። ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ በወሰነች ጊዜ እንግዲህ ፈረንጅን በወሬ ብቻ የምታውቅ አልነበረችም፤ አንዱን አሠርታዋለች፣ ጠባዩንም አይታዋለች፣ ወደ አገሩ ለመመለስ እንዴት ይናፍቅ እንደ ነበረም ሳታውቅ አትቀርም።

በ1508 ዐፄ ናዖድ ሞተ። ልጁ ልብነ ድንግል ገና የ11 ወይም የ12 ዓመት ብላቴና ነበር። እርሱን በዙፋን ያስቀመጡት እሌኒና ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ናቸው፤ ከዚያም ቀጥሎ አገሩን በሞግዚትነት የመራችው እርሷ ነበረች። ልጅ ያልወለደች፣ በዕድሜም የገፋች ሴት ነበረች፤ ነገሥታትን አንድ በአንድ ስትቀብር የኖረች።

በዚያ ጊዜ የአገሩ ሁኔታ የሚያሳስብ ነበር። የዘይላው አለቃ ማሕፉዝ ሕዝቡ በዐቢይ ጾም በደከመበት ወራት እየጠበቀ ይዘምት፣ ምርኮ ይወስድ ነበር። የግብጽ ሡልጣን በቀይ ባሕር መርከብ ያሠራ ነበር። በሌላው ወገን ፖርቱጋሎች ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊከት ከገባ ወዲህ የሕንድን ባሕር እየያዙ መጡ፤ በ1509ም በዲዩ አጠገብ የግብጽን መርከቦች ሰበሩ። አፎንሶ ደ አልቡኬርክ በ1508 በምሥራቅ አፍሪካ ጫፍ ያወረዳቸው መልእክተኞችም እስከ ቤተ መንግሥቱ ደረሱ። እሌኒ የባሕሩ ኃይል እየተለወጠ መሆኑን አየች። የኢትዮጵያ ሠራዊት በየብስ ብዙ ቢሆንም በባሕር ላይ አንዲት የጦር መርከብ አልነበረውምና ጉድለቱን ለይታ አወቀች።

ስለዚህ በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴን መርጣ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ አማኑኤል ላከችው። ነጋዴ መምረጧ ከጥበቧ የተነሣ ነው፤ የንጉሥ መልእክተኛ ሰንደቅ ይዞ በጠላት ወደብ አያልፍም፣ ነጋዴ ግን ያልፋል። በእጁ ደብዳቤና ከዕፀ መስቀሉ ክፋይ ሰጠችው። በደብዳቤዋ ፖርቱጋሎች መርከባቸውን ቢያመጡ ኢትዮጵያ ሠራዊትና ስንቅ እንደምትሰጥ፣ የሁለቱም ቤተ መንግሥት ልጆች በጋብቻ ቢተሳሰሩ መልካም እንደሚሆን ገለጠች። ሃይማኖትን ስለ መለወጥ ወይም ለሮም ስለ መገዛት ያቀረበችው ነገር የለም። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልን።

የማቴዎስ መንገድ የመከራ መንገድ ሆነ። በ1512 መጨረሻ ጎዋ ሲደርስ አልቡኬርክ በክብር ተቀበለው፤ ብዙዎቹ ሹማምንት ግን አላመኑትም። የታላቁ ካህን ንጉሥ መልእክተኛ አርመናዊ ነጋዴ ይሆናልን፣ ላኪውስ ንጉሡ ሳይሆን አሮጊት ሴት እንዴት ትሆናለች፣ ይህ የቱርክ ሰላይ ነው አሉ። ወደ ፖርቱጋል በወሰዱት መርከቦች ላይ አለቆቹ አዋረዱት፣ አሠቃዩት። 350 ዓመት ያህል ሐሰተኛውን ደብዳቤ ሲያምኑ የኖሩ ሰዎች እውነተኛው ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ሳያምኑት ቀሩ። በ1514 መጀመሪያ ሊዝቦን በደረሰ ጊዜ ግን ንጉሥ አማኑኤል ደብዳቤውን አንብቦ፣ መስቀሉንም ተሳልሞ፣ መልእክተኛውን አከበረው፤ ያዋረዱትንም የመርከብ አለቆች አሰራቸው። ይቅር እንዲባሉ የለመነላቸው ያው ማቴዎስ ነበር።

መልሱ ዘገየ። በ1515 ዱዋርቴ ጋልቫኦ የተባለ ሽማግሌ አምባሳደር ተሹሞ ከማቴዎስ ጋር ተላከ፤ እርሱም በቀይ ባሕር ውስጥ በካመራን ደሴት በ1517 ሞተ። ማቴዎስ እንደገና ወደ ሕንድ ተመለሰ። በመጨረሻው በሚያዝያ 1520 የፖርቱጋል መርከቦች ምጽዋ ደረሱ። ማቴዎስ ከአሥር ዓመት በላይ ተንከራትቶ የላከችውን ንግሥት ሊያይ ጥቂት መንገድ ሲቀረው ታመመ፤ ደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ ዐረፈ። መልሱን በአፉ ሊነግራት አልታደለም።

በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው መልእክተኛ፣ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አብሮ ሆኖ፣ በዚያው ዓመት ከንጉሡ ሰፈር ደረሰ። ጊዜው ግን ተለውጦ ነበር። ልብነ ድንግል ጎልማሳ ሆኗል፤ በ1517 ማሕፉዝን ድል አድርጎ ገድሎታል፤ ስለዚህ በሞግዚቱ ዘመን የታሰበው ርዳታ የሚያስፈልገው አልመሰለውም። መልእክተኞቹን ስድስት ዓመት አቆይቶ በ1526 አሰናበታቸው። ከእነርሱም ጋር ቄስ ጸጋ ዘአብን ወደ ፖርቱጋል ላከው። ጸጋ ዘአብ በዚያ አገር ሳለ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት በሰጠው ቃል ውስጥ እሌኒ ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሰች፣ አንዱ እንዚራ ስብሐት ሁለተኛው ጸዳለ ፀሐይ እንደሚባሉ አስታውቋል። በመንግሥት ሥራ የተጠመደች ሴት ከመጻሕፍት አለመለየቷን ከዚህ እንረዳለን።

እሌኒ በ1522 ገደማ አረፈች። አልቫሬዝ በሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ልቅሶ አይቶ ጽፎታል፤ ትልቁም ትንሹም አባትና እናት እንደ ሞቱበት አለቀሰ፣ እርሷ ሳለች የሚጠብቀው እንዳለው፣ ከእርሷ በኋላ ግን ጠባቂ እንዳጣ ተናገረ። ሕዝቡ ስለ አንድ አሮጊት ንግሥት ይህን ያህል ያዘነው በከንቱ አልነበረም። በ1529 በሽምብራ ኩሬ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ግራኝ የሚባለው፣ የንጉሡን ሠራዊት ሰበረ። ከዚያም አድባራቱ ተቃጠሉ፣ ሕዝቡም ተበተነ፤ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ በ1540 ሞተ። በዚያው ዓመት የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝቦን ታተመ። በ1541 400 ያህል ፖርቱጋሎች ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር መጡ፤ ይህም ሰው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። እርሱ ተማርኮ ተገደለ፤ የቀሩት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ኢማሙን ድል አደረጉ። እሌኒ የለመነችው ርዳታ ከ30 ዓመት በኋላ፣ አገሩ ካለቀ ወዲያ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በካህናት መካከል ሲያከራክር ይኖራል። በ1557 የኢየሱሳውያን ጳጳስ መጣ፤ በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በግልጥ ተቀበለ፤ እስከ 1632 ድረስ የብዙ ገበሬና የብዙ መነኵሴ ደም ፈሰሰ። በሩን የከፈተች እሌኒ ናት የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም። እርሷ የጠራችው መርከብን እንጂ መምህርን አልነበረም፤ ያቀረበችውም ስንቅንና ጋብቻን እንጂ የአባቶችን ሃይማኖት አልነበረም። ጎረቤት ለጎረቤቱ እሳት ለማጥፋት ቢጠራ፣ የመጣውም ሰው ቤቱን ልውረስ ቢል፣ በደሉ የጠሪው አይደለም። ይልቅስ በደል ካለ የእርሷ ምክር በጊዜው ባለመሰማቱ ነው፤ ድል የኰራባቸው የቤተ መንግሥት ጎልማሶች ከአንድ ድል በኋላ ባሕሩን ረሱትና። ከእስላም ቤት ተወልዳ በክርስቲያን ቤት ያረጀች ሴት የሁለቱንም ኃይል መጠን ታውቅ ነበር። እነርሱ የአንዱን ብቻ ያውቁ ነበር።

የዚያ ጦርነትና ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው የሕዝብ ፍልሰት ዕዳ ለእኛም ለጋሞ ደርሶናል። የሀድያና የጋሞ ምድር ከሰሜኑ መንግሥት የሚገናኝበት መንገድ ተቈረጠ። በ1593 ገደማ የዘመኑን ፍልሰት የጻፈው ካህኑ ባሕርይ የጋሞ ሰው ሲሆን፣ ርስቱና ሀብቱ በዘመቻው እንደ ጠፋበት በመጽሐፉ ገልጧል። በደጋው የነበሩት እንደ ብርብር ማርያም ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ጳጳስ ሳያዩ ብዙ ትውልድ አሳለፉ፤ ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን ሕዝቡ ታቦቱን ጠብቆ፣ ጾሙንና መስቀሉን ይዞ ቆየ፤ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ።

በጎጃም ያለችው የእሌኒ መርጡለ ማርያምም ከዚያ መከራ አላመለጠችም። ወርቁ ተዘረፈ፣ ሕንፃውም ፈረሰ። በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን በፍርስራሹ ላይ ሌላ ሕንፃ በጥርብ ድንጋይ አቆሙ፤ እርሱም ፈረሰ። ዛሬ በደብሩ ግቢ ውስጥ የአበባና የሐረግ ቅርጽ ያለባቸው ድንጋዮች በቆሙት ግድግዳዎች ላይ ይታያሉ፤ ካህናቱም በአጠገቡ በታነጸችው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱን ይቆማሉ፣ ቅዳሴውን ይቀድሳሉ።